ፈጥኖ መመለስ ምግባር ነውን?

ሰው ለጻፈለት ሰው ፈጥኖ መልስ ቢሰጥ ፍጥነቱ እንደ መልካም ምግባር ሊቈጠርለት ይገባልን? ወይስ ፍጥነት የእጅ ጠባይ ብቻ ሆኖ ከልብ ጋራ ምንም ዝምድና የለውም? ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍት ውስጥ ያገኘሁት አይደለም። ያመጣብኝ አንድ ስልክ ነው፤ ስልኩም ዛሬ አብነት ባለው ቤቴ፥ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፥ ከአሮጌ መነጽሮቼ ጋራ ተቀምጦ ይገኛል። እናንተ ወጣቶች እንዲህ ያለውን ስልክ በእጃችሁ ይዛችሁ አታውቁ ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ምን ዓይነት ዕቃ እንደ ነበረ ልንገራችሁ።

የዛሬው ስልክ ፊቱ ሁሉ መስተዋት ነው። ያ ግን የላይኛው እኩሌታ መስተዋት፥ የታችኛው እኩሌታ ቁልፍ ነበረ። ቁልፎቹ እንደ ጽሕፈት መኪና በተራ የተደረደሩ፥ ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል አንድ አንድ ሆነው የተመደቡ፥ መጠናቸውም ከሽምብራ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነበረ። በሁለት አውራ ጣት ይጻፍባቸዋል። ሲጫኗቸው ዝቅ ብለው ጠቅ ይላሉ፤ ጣትም መጫኑን በዚያው ያውቃል። የለመደ ሰው ሳያይ ይጽፍ ነበረ። ይህን «ሳያይ» የሚለውን ቃል አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከእነዚህ ስልኮች ሁሉ ስሙ የገነነው ብላክቤሪ ነው። በካናዳ አገር፥ ዋተርሉ በምትባል ከተማ የነበረው ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 መጀመሪያ ሲያወጣው ድምፅ እንኳ አያስተላልፍም ነበረ፤ ሥራው የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ መቀበልና መላክ ነበረ። ስሙም የፍሬ ስም ነው፤ ጥቃቅኖቹ ቁልፎች የእንጆሪ ዘመድ የሆነችውን የዚያችን ጥቁር ፍሬ እንክብሎች ስለ መሰሉ ነው ይባላል። የፊንላንዱ ኖኪያ ከዚያ በፊት፥ በ1996፥ እንደ መነጽር ቤት የሚከፈት ባለቁልፍ ስልክ ሠርቶ ነበረ። ይሁን እንጂ የብላክቤሪው ልዩ ነገር ቁልፉ ብቻ አልነበረም። ቀድሞ ሰው ደብዳቤውን ሄዶ ከሣጥኑ ያወጣ ነበረ፤ አሁን ግን ደብዳቤው ራሱ ሰውየውን ፈልጎ እኪሱ ድረስ መጣ። እንደ መጣም ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ ቀይ መብራትም ብልጭ ብልጭ ትላለች። በ2005 ደግሞ ኩባንያው የራሱን የመልእክት መለዋወጫ ጨመረበት፤ በዚህም ላይ መልእክቱ ሲደርስ «ዲ»፥ ሲነበብ «አር» የሚል ምልክት ለላኪው ይታየው ጀመር። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ «አላየሁትም ነበር» ብሎ ማመካኘት ቀረ። አንብቦ ዝም ያለ ሰው ዝም ማለቱ ታወቀበት።

አሜሪካውያን በዚህ ዕቃ እንዴት እንደ ተያዙ ለማወቅ ሁለት ነገር ይበቃል። በ2006 አንድ የታወቀ መዝገበ ቃላታቸው የዓመቱ ቃል አድርጎ የመረጠው፥ የዚህን ስልክ ስም ሱስ ከሚያስይዝ አደገኛ ዕፅ ስም ጋራ አዳቅለው የፈጠሩትን ቃል ነበረ። በ2009 ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሲሆኑም የጥበቃ ሰዎች ስልኩን ይተዉ ዘንድ ቢፈልጉ እሳቸው እንቢ ብለው ይዘውት ገቡ።

በአገራችን የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በዚያው በ1999፥ በእኛ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ነው። የሚያስገርመውም፥ የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የሚመዘገቡበት ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ተቀብሎ ያስገባው በዚያው በአውሮፓውያን 1999 ነው። ሦስት ነገሮች በአንድ ዓመት ተወልደው እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ረጅም ጊዜ ኖሩ። አጭር መልእክትም ቢሆን ለእኛ ሳይቋረጥ የኖረ ነገር አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ገደማ፥ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር፥ ማንም ለማንም አጭር መልእክት መላክ አይችልም ነበረ። ስለዚህ በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ እንደ ተራበ ሰው ተሻማበት። ባለቁልፎቹም ስልኮች ወደ መርካቶ የጐረፉት በነዚያው ዓመቶች ነው። ዋናዎቹን ዘመድ ከውጭ አገር ይዞ ይመጣል፤ አምሳያዎቹ ከቻይና ይመጣሉ፤ ከአምሳያዎቹም መካከል ሁለት ሲም የሚይዙ፥ አንቴናቸው ተስቦ ቴሌቪዥን የሚያሳዩ ነበሩ።

እኔ የገዛሁት በ2002 ዓ.ም. ነው። የወር ደመወዜን ከግማሽ በላይ ስለ ጨረሰ ባለቤቴ ሳምንት ሙሉ አኵርፋኝ ሰነበተች። የወደድሁበት ምክንያት ግን ከልጅነቴ ጋራ የተያያዘ ነው። በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንዲት አሮጊት የውጭ አገር መምህርት የጽሕፈት መኪና ያስተምሩን ነበረ። ቁልፎቹን በጨርቅ ሸፍነው «ጣት ቤቱን ይወቅ፥ ዐይን ወረቀቱን ይመልከት» ይሉን ነበረ። ሌላም አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ ይኸውም የጻፍነው ደብዳቤ በዚያው ቀን ወደ ፖስታ ቤት አይሄድም፤ ያድራል። በማግሥቱ ጧት እንደ ገና አንብበነው ካላፈርንበት ይታሸጋል። ይህ ማሳደር በዚያን ጊዜ የአሮጊት ጠባይ ይመስለን ነበረ። ከእኒህ መምህርት ሁለት ትምህርት ወስጄ ነበረ ማለት ነው፤ ስልኩን በያዝሁ ጊዜ ግን አንዱን ብቻ አስታወስሁ። ጣቶቼ ቤታቸውን ወዲያው ዐወቁ። ከመምህራኑ ሁሉ ፈጥኖ የሚመልስ እኔ ነበርሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼም «ጋሼ እኮ ሳይጻፍላቸው ይመልሳሉ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበረ፤ ቀልዱንም እንደ ምስጋና ቈጠርሁት።

ስልኩን የተጣላሁት በአንድ ነገር ብቻ ነበረ፤ በፊደሉ። በፕላስቲክ ላይ የታተመ ፊደል አይለወጥም። በአውሮፓውያን 2007 መጀመሪያ ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፎን ለሕዝብ ሲያሳይ ባለቁልፎቹን ስልኮች የነቀፈው በዚሁ ነበረ፤ ቁልፎቹ ቢያስፈልጉም ባያስፈልጉም ቦታቸውን ይዘው አይነቃነቁም በማለት። ሰውየው ስለ አማርኛ አላሰበም፤ ነገሩ ግን ለእኛ ይበልጥ እውነት ነበረ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ፥ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ፥ 231 ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ የደከሙት ይህን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማሳረፍ ነበረ። በእኔ ስልክ ላይ ግን ስለ ፊደላችን የደከመ ማንም አልነበረም፤ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ቢመጣ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ይታዩኝ ነበረ። ስለዚህ አማርኛችንን በላቲን ፊደል ጻፍን። በዚያም አጻጻፍ ጠና ተ አንድ ናቸው፤ ቀና ከም አንድ ናቸው። «ነገ እመጣለሁ» ያለ ሰው «ነገ እመታለሁ» ያለ ይመስላል፤ «ከበሩ» እና «ቀበሩ» አይለዩም። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነበርሁና ይህን በጻፍሁ ቍጥር ጫማዬን አውልቄ በእሾህ ላይ የምሄድ ያህል ይሰማኝ ነበረ፤ ሆኖም ሄድሁበት።

አሁን ወደዚያ «ሳያይ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። በአንድ የትምህርት ሰዓት፥ ክፍሉ ፀጥ ባለበት፥ ጠቅ ጠቅ የሚል እንጨት እንደሚበላ ምስጥ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ዐይኖቼን ባዞር ሁሉም ወደ ጥቁር ሰሌዳው ይመለከታሉ። ከሁሉም ይልቅ አስተውሎ የሚከታተል የሚመስለው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለ ልጅ ነበረ፤ ዐይኑ ከሰሌዳው አይነቀልም፥ ቅንድቡም እንደ ዐሳቢ ሰው ቅንድብ ተቋጥሯል። ሁለቱ እጆቹ ግን ከዴስኩ በታች ነበሩ። ስልኩን ተቀበልሁትና በክፍሉ ፊት «ፊትህን ለእኔ ሰጥተህ ልብህን ለሌላ መስጠት ሐሰት ነው» አልሁት። እሱም በትሕትና ቆሞ «ጋሼ፥ የጻፈችልኝ እኅቴ ናት፤ ቶሎ ካልመለስሁላት ትጨነቃለች» አለኝ። ስልኩን እስከ ማታ አስቀረሁበት። እንግዲህ አስተውሉ፤ ልጁ ያደረገው ክፋት መስሎት አይደለም፤ ለእኅቱ ምግባር መስሎት ነው።

በነገራችን ላይ የዛሬው የመስተዋት ስልክ በዚህ በኩል ከቀድሞው ይልቅ እውነተኛ ነው እላለሁ። መስተዋት ለጣት ለጥ ያለ ነገር ነውና የሚጽፍበት ሰው ዐይኑን ሊሰጠው ግድ ነው፤ አንገቱን ይደፋል፥ ነውሩም የተገለጠ ነው። የተገለጠ ነውርና በጨዋነት የተሸፈነ ነውር ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብትሉኝ እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ።

ከልጁ ነገር ጥቂት ወራት በኋላ እኔ ራሴ ያንኑ አደረግሁ።

ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነበረ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ርእሰ መምህሩ ስለ ፈተና አሰጣጥ ይናገራሉ፤ እኔም ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ ራሴን እነቀንቃለሁ። ስልኬ በጕልበቴ ላይ ተንቀጠቀጠ። የላከው ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ ነበረ። እናቱ ድሮ ጎረቤታችን የነበሩ፥ ኋላ ወደ ሰባተኛ በኩል ቢዛወሩም ከእድራችን ያልወጡ፥ ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ከትምህርት ቤት ተቀብለው ምሳ ያበሉልን የነበሩ ሴት ናቸው። ሦስት ሳምንት ያህል ሆስፒታል ተኝተው ነበረ፤ ሁለት ጊዜም ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። መልእክቱ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሆኖ ንባቡ እንዲህ ነበረ፤ «ጋሼ፥ እማዬ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። ቤት ነን።»

ደስ አለኝ። አንድ አፍታ ዐይኔን ዝቅ አድርጌ ካነበብሁ በኋላ እንደ ገና ወደ ርእሰ መምህሩ አቀናሁት፤ ከጠረጴዛው በታችም ሁለቱ አውራ ጣቶቼ መልሱን ጻፉ። «እልል! እግዚአብሔር ይመስገን! የገናን ዶሮ አብረን እንበላለን በልልኝ።» መልእክቱ ከመጣበት እስከ መልሴ መሄድ አንድ ደቂቃ የሞላ አይመስለኝም። ስልኩን ወደ ኪሴ መለስሁ፤ ልቤም ሥራውን እንደ ጨረሰ ሠራተኛ አረፈ። ድነው ከወጡ ምን ያስቸኵለኛል፥ ቅዳሜ እሄዳለሁ አልሁ።

በአራተኛው ቀን፥ ሐሙስ፥ ገና ጎሕ ሳይቀድ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በመንደራችን ውስጥ አለፈ። ይህን ድምፅ የማታውቁ ካላችሁ፥ ሰውየው ጥሩምባውን ነፍቶ ጥቂት ይቆያል፤ የሰማው ሁሉ በአልጋው ላይ ትንፋሹን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሟቹን ስም፥ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ጮኾ ይናገራል። በየመንገዱ መታጠፊያ እየቆመ ይህንኑ ይደግማል። የእሳቸውን ስም ጠራ። እኔ ግን ስሙን ከሰማሁ በኋላ እንኳ «ሌላ ሰው ይሆናል፤ እሳቸውማ ድነዋል» ብዬ ተከራከርሁ።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ እኛ የምናደርግላቸው የለም፤ ቤታቸው ከልጆቻቸው መካከል ይሁኑ» ብለው ነው የለቀቋቸው። ልጁ ይህን ሊጽፍ አልቻለም። የትኛው ልጅ ይችላል? «ወጣች» አለ፤ «ቤት ነን» አለ። እኔም እልል አልሁለት።

በሣልስቱ ዕለት ልጁ ድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝና እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፥ መልእክትዎን አነበብሁላት። ሣቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትሥቅ አላየናትም። ‘እንግዲያስ ዶሮዋን እሱ ይግዛ’ አለች። ኋላ ግን ‘አልመጣም?’ እያለች ሁለት ጊዜ ጠየቀችን።» ይህንንም ሲናገር በድምፁ ውስጥ ምንም ወቀሳ አልነበረበትም፤ የነበረውን ነገር እንደ ነበረ ነገረኝ። ከዚያም የመጡ ሰዎች ስለ ነበሩ ተነሥቶ ሄደ።

ይህን ታሪክ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ስናገረው ኖሬአለሁ፤ የምናገረውም ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነበረ። ጥፋተኛው ፊደሉ ነው እል ነበረ። «በሰው ፊደል የሚጽፍ ሕዝብ ኀዘኑን ከደስታው ሊለይ አይችልም፤ ያ የሰው ፊደል የታተመበት ቁልፍ ነው ያሳሳተኝ» እያልሁ በመምህራን መካከልም በተማሪዎች ፊትም ተናግሬአለሁ። ሰሚዎቼ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበረ። አንድ የወጣቶች ማኅበር ላይ ስናገረውማ አጨበጨቡልኝ። እውነት ለመናገር፥ ታሪኩ ለአገር ፊደል ጥብቅና ስለ ጠቀመኝ የራሴ ኀፍረት ከውስጡ እየሟሸሸ ሄደ። የመስተዋቱ ስልክ መጥቶ፥ በላዩ የታተመ ፊደል የሌለው ስለ ሆነ የእኛንም ፊደል ሲቀበል እጅግ ደስ አለኝ፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚደርስብኝ አልመሰለኝም።

በታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ብላክቤሪ በድሮዎቹ ስልኮቹ ላይ ያለውን አገልግሎት ዘጋ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እነዚያ ስልኮች መደወልም መልእክት መላክም እንደ ቀድሞው በአስተማማኝ አይሠሩም ተባለ። የእኔ ከዚያ ወገን ባይሆንም ወሬውን ስሰማ ያ አሮጌ ስልኬ ትዝ አለኝና ከመሳቢያ አውጥቼ መርካቶ ወዳለ ወጣት ስልክ ጠጋኝ ወሰድሁት። ባትሪው አብጦ ነበረ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ምናለሽ ተራ ወስዶ በጥቂት ብር ይሸጠዋል፤ እኔ ግን እንዲሠራልኝ ፈለግሁ። ልጁ ቁልፎቹን አንሥቶ ከሥራቸው ያለውን የዓመታት አቧራ በጥርስ ብሩሽና በቤንዚን ሲጠርግ፥ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እንደ ልማዴ ታሪኩን ነገርሁት።

ጨርሶ ሰማኝ። ከዚያም ብሩሹን አስቀምጦ «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ በአማርኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ምን ተብሎ ነበር የሚጻፈው?» አለኝ። የደረሰኝ ጀርባና እስክሪብቶም አቀበለኝ።

ጻፍሁት። «ጋሼ፥ እማዬ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። ቤት ነን።» በራሴ እጅ፥ በራሳችን ፊደል፥ በአስተማሪ ጽሕፈት ተጽፎ ከፊቴ ተቀመጠ። አንድም የሚያሻማ ፊደል የለበትም። ጠም ጠ ነው፥ ቤትም ቤት ነው። እንደዚያው ሆኖ ቢደርሰኝ እንደዚያው አነበው ነበረ፤ እንደዚያውም እልል እል ነበረ። ልጁ ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ብሩሹን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። እኔም ያን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊደልን ስከስስ ኖሬ ክሱ በአንድ ጥያቄ ፈረሰ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የጻፈውን ልጅ ነው ማለት አልችልም። ያቺን ወረቀት ደጋግሜ ሳያት «ቤት ነን» የምትለዋ ቃል ናት ዐይኔን የያዘችው። አንድ ያስተማሩትን ታላቅ ሰው «ኑ» ብሎ ማዘዝ ነውር ነው፤ ስለዚህ ጨዋ ልጅ «ቤት ነን» ይላል። ይህ በአማርኛ ወሬ ሳይሆን ጥሪ ነው። እናቱ ድነው ቢሆንማ «ዳነች»፥ «ተሻላት» ይል ነበረ፤ አላለም። መልእክቷን ሁለት ጊዜ ያነበበ ሰው ያልተጻፈውን ቃል ባየ ነበረ። እኔ ግን አንድ ጊዜ ብቻ አነበብኋት፤ እሱንም በግማሽ ዐይኔ። ከተማሪዬ የነጠቅሁትን ነገር እኔ ራሴ ከጠረጴዛ በታች ይዤ ነበረና፥ ፊቴ ለርእሰ መምህሩ፥ ጣቴ ለልጁ ተሰጥተው ልቤ ለሁለቱም አልነበረም።

ፍጥነትን ሁሉ እኰንናለሁ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ለምትወልድ እናት ደም ሲፈለግ፥ ልጅ ከቤት ሲጠፋ፥ ባልንጀራ ተቸግሮ መንገድ ላይ ሲቆም፥ መልስን የሚያሳድር ሰው ጨካኝ ነው። አንብቦ ዝም ማለትም የራሱ ክፋት አለው፤ ዛሬ ብዙ ወጣት በዚህ ሲሠቃይ አያለሁ፤ ምልክቱ «ተነበበ» ይላል፥ መልሱ ግን አይመጣም። አንዲት ወጣት ዘመዴም ይህን ጽሑፍ ስጀምር ሰምታ «ጋሼ፥ እርስዎ መዘግየትን ሊያስተምሩን ነው፤ እኛን ግን የሚገድለን መዘግየት ነው» ብላኛለች። እውነቷን ነው። የመምህርቴም ሥርዓት፥ ሌሊቱን የማሳደሩ ነገር፥ ዛሬ ለሁሉ ነገር አይሆንም። ለእኔም በዚያ ቀን ሌሊት አያስፈልገኝም ነበረ። ከአዳራሹ ወጥቼ እግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር እስክደርስ ያለችው ጊዜ ትበቃኝ ነበረ። እዚያ ቆሜ ደውዬ ድምፁን ብሰማ በመጀመሪያው «አቤት ጋሼ» ነገሩ ሁሉ ይገባኝ ነበረ።

ነገር ግን የሚያስጨንቀኝ ያለ ዐሳብ መመለሴ ብቻ አይደለም። ከዚያ የከፋ ነገር አለ፤ እሱንም ያገኘሁት በቅርብ ጊዜ ነው። መልሱ ከመሄድ አሳረፈኝ። የሰው መልእክት በደረሰን ጊዜ በላያችን ዕዳ ይወድቃል፤ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ይከነክነዋል። ባልመልስ ኖሮ ዕዳው ቀኑን ሙሉ በላዬ ይውል ነበረ፤ ማታ ከሥራ ስወጣም «እስቲ ልጁ ጽፎልኝ ነበር፥ ሳልመልስለት ቀረሁ» ብዬ እግሬ ወደ ሰባተኛ ይወስደኝ ነበረ። እኔ ግን በአንድ ደቂቃ፥ በሁለት ጣት፥ ዕዳዬን የከፈልሁ መሰለኝ። ሒሳቡ ስለ ተዘጋ ሦስት ቀን ሙሉ በሰላም ተኛሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ለተማሪዎች ስንት ጊዜ ተርጕሜያለሁ መሰላችሁ፤ ስለ ራሴ መታጠቂያ ግን አላሰብሁም።

ደግሞ በሌላው ወገን ያ ሣቅ አለ። ስለ ሣቁ ምን እንደምል አላውቅም። መልሴን አሳድሬ፥ ወይም ነገሩን ተረድቼ፥ በከባድ ቃላት የተጻፈ የማጽናኛ ደብዳቤ ልኬ ቢሆን፥ እሳቸው ያን ሣቅ ባልሣቁ ነበረ። የሰው ስሕተት ለሌላው ሰው ደስታ ሲሆን ለተሳሳተው ሰው ይቈጠርለታልን? ለእኔ የሚቈጠር አይመስለኝም፤ ሳላውቅ የጣልሁትን ብር ድኻ ቢያገኘው ምጽዋት ሰጠሁ ማለት አልችልምና። ባለቤቴ ግን በዚህ አትስማማም። እሷ «እግዚአብሔር በአንተ ቅልጥፍና ተጠቅሞ ሴትየዋን አሣቃቸው፤ አንተ ደግሞ እግርህን ከለከልህ፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው» ትላለች። ከእኔ ይልቅ እሷ ትክክል ሳትሆን አትቀርም።

ስልኩ ዛሬ ይሠራል። ጠጋኙ አዲስ ባትሪ አድርጎለት መልእክቶቹ ሁሉ እንደ ነበሩ ተገኙ፤ የልጁም መልእክት፥ የእኔም መልስ፥ አንዱ ከሌላው በታች ሆነው ተቀምጠዋል። በሁለቱ መካከል ያለው የሰዓት ልዩነት ያልሁት ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ልጁም ደኅና ነው፤ አሁን የራሱ ልጆች አሉት፤ በበዓል በበዓል በአማርኛ ፊደል ይጽፍልኛል፥ እኔም እመልስለታለሁ። አንድ ልጠይቀው የምፈልገው ነገር አለ፤ እናቱ «አልመጣም?» ብለው ሁለተኛውን ጊዜ የጠየቁት መቼ እንደ ነበረ፥ በመጀመሪያው ቀን ይሁን ወይስ በመጨረሻው ሌሊት። ሁለት ጊዜ ያህል በመስተዋቱ ስልክ ላይ መጻፍ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ የሚጠየቅ አልመሰለኝም። ልጁ አሁንም የሚኖረው በእናቱ ቤት ነው፤ ሰባተኛም ከቤቴ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።